ከመነሣት በፊት ያሉት ደቂቃዎች፦ የአውሮፕላን ደኅንነት በምድር ላይ እንዴት ይወሰናል?

መግቢያ

ስለ አውሮፕላን አደጋ ሲነገር የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ማዕበል፣ በጉም የተሸፈነ ተራራ፣ በከፍታ ላይ ሥራውን ያቆመ ሞተር ይታየናል። ሆኖም በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ በስሕተት ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የበለጠ ሕይወት የጠፋበት አደጋ የደረሰው በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን የካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቴኔሪፍ አንድ ቦይንግ 747 ለመነሣት ሲንደረደር፣ ሌላ ቦይንግ 747 በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ በዝግታ ይጓዝ ነበር። በግጭቱ 583 ሰዎች አለቁ።

አውሮፕላን ከማቆሚያው ተንቀሳቅሶ ጎማው ከመሬት እስኪላቀቅ ያለው ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ግን ክብደት ይሰላል፣ ፍጥነት ይመረጣል፣ ክንፍ ይዘጋጃል፣ መንገዱ ነጻ መሆኑ ይረጋገጣል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተፈጸመ ስሕተት ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ የሚገለጠው አውሮፕላኑ በሰከንድ ሰማንያ ሜትር ያህል በሚገሠግሥበት፣ ለማረም ጊዜ በማይገኝበት ሰዓት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አገራችን ከፍታዋ ብዙ፣ አየሯም ስስ ነው። ከመነሣት ጋር የተያያዘ ከባድ አደጋም በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አይተናል፤ 35 ወገኖቻችን ሞተውበታል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ከመነሣት በፊት የሚሠሩት ስሌቶች የተመሠረቱበትን ፊዚክስ፣ ቀጥሎም የሰው ልጅ ስሕተት በየት በኩል እንደሚገባና እንዴት እንደሚታገድ እንመለከታለን።

የከፍታ ዕዳ

አውሮፕላንን ከመሬት የሚያነሣው በክንፉና በአየሩ መካከል የሚፈጠር ኃይል ነው። የዚህ የማንሣት ኃይል መጠን የሚገኘው ግማሽን በአየሩ እፍግታ፣ በፍጥነቱ ስኩዌር፣ በክንፉ ስፋት እንዲሁም የክንፉን ቅርጽና ዘንበል በሚገልጽ ቁጥር በማባዛት ነው። እፍግታ ማለት በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኝ የአየር መጠነ ቁስ ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በ2000 ሜትር ከፍታ አካባቢ በሚገኘው የሶዶ ከተማ ክፍል ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን በቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ማረጋገጥ ይቻላል። በዳሞታ ተራራ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ባቄላውን ቶሎ እንዳይበስል የሚያደርገው ያው የግፊት ማነስ የአውሮፕላኑን ክንፍም ያዳክመዋል።

የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ 2334 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል በላይ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን የአየሩ እፍግታ 0.91 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከባሕር ወለሉ በ26 በመቶ ያነሰ ነው። የማንሣት ኃይሉ የአውሮፕላኑን ክብደት መሸከም ስላለበት፣ እፍግታው የቀነሰውን ፍጥነቱ ማካካስ ይኖርበታል። ፍጥነት በስኩዌር ስለሚገባ የሚያስፈልገው ጭማሪ 16 በመቶ ነው። በባሕር ወለል ላይ በሰከንድ 75 ሜትር ሲሮጥ የሚነሣ አውሮፕላን በቦሌ በሰከንድ 87 ሜትር መሮጥ አለበት፤ ይህም በሰዓት ከ310 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ዕዳው በዚህ አያበቃም። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነውና ግፊቱ ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ፍጥነት የሚጨምርበት መጠን በሩብ ቀነሰ እንበል። የመንደርደሪያው ርዝመት የፍጥነት ስኩዌር ለአክስለሬሽን ሲካፈል ከሚገኘው ውጤት ጋር ተመጣጣኝ በመሆኑ፣ 1.35ን ለ0.75 ስናካፍል 1.8 እናገኛለን። በባሕር ወለል 1500 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን በቦሌ 2700 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ እስከ 3800 ሜትር የተዘረጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፉ፣ ሲመለሱ ግን ሳያርፉ ሲመጡ ከኖሩባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ ከከፍታ ላይ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ከባድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ የሚያነሣ ተማሪ አይጠፋም፤ አብራሪው በፍጥነት መለኪያው ላይ ይህን ልዩነት ያየዋልን? መልሱ አያየውም ነው። የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ የሚሠራው ፊት ለፊት በሚመጣው አየር ግፊት ሲሆን፣ ያ ግፊት ራሱ የእፍግታና የፍጥነት ስኩዌር ብዜት ነው። ስለዚህ መለኪያው በቦሌም ሆነ በጂቡቲ ለተመሳሳይ የማንሣት ኃይል ተመሳሳይ ቁጥር ያሳያል። የሚለየው በእውነት በመሬት ላይ የሚሮጥበት ፍጥነትና የሚበላው መንገድ ነው። ለዚህ ነው የማኮብኮቢያው ርዝመት በቂ መሆኑ በዐይን ግምት ሳይሆን አስቀድሞ በስሌት መታወቅ ያለበት።

አንዲት አኃዝ፣ አንዲት መለኪያ

ስሌቱ ትክክል የሚሆነው የገባለት ቁጥር ትክክል ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2009 በአውስትራሊያ ሜልበርን የኤሚሬትስ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ኤርባስ ኤ340-500 ለመነሣት ሲዘጋጅ፣ ክብደቱ 362.9 ቶን ሆኖ ሳለ በስሌቱ መሣሪያ ውስጥ 262.9 ቶን ተብሎ ተጻፈ። በአንዲት አኃዝ 100 ቶን ጠፋ። ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት ከክብደቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ትክክለኛው ፍጥነት መሣሪያው ከሰጠው ወደ 17 በመቶ የሚበልጥ መሆን ነበረበት። የሞተሮቹም ኃይል ለቀላል አውሮፕላን ተብሎ ተቀንሶ ነበር። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲያነሣ ጅራቱ መሬቱን ፋቀ፤ ማኮብኮቢያውንም ጨርሶ ካለፈ በኋላ ነበር በጭንቅ የተነሣው። አብራሪዎቹ በመጨረሻዋ ሰዓት ሙሉ ኃይል በመጠቀማቸው የተሳፈሩት 275 ሰዎች በሕይወት ተመለሱ።

ሁለተኛው ምሳሌ የመለኪያ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 የካናዳ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ለጉዞው 22300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። በታንኩ ውስጥ 7682 ሊትር መኖሩ ተለካ። ሊትርን ወደ ኪሎ ግራም ለመለወጥ በ0.803 ማባዛት ሲገባ በ1.77 ተባዛ፤ ይህ ቁጥር ግን ሊትርን ወደ ፓውንድ የሚለውጥ ነው። በዚህ ስሌት 4917 ሊትር ብቻ ተጨመረ፤ መጨመር የነበረበት ግን 20088 ሊትር ነበር። አውሮፕላኑ የተነሣው ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሽ ያህሉን እንኳ ሳይይዝ ነው። በጉዞው መካከል ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ያለ ሞተር አንሳፍፈው በጊምሊ በሚገኝ የቀድሞ የጦር ኃይል ማረፊያ ላይ ማሳረፍ በመቻላቸው የሞተ ሰው አልነበረም።

በፈተና ወረቀት ላይ አሃድ ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ ያስቀመጠ ተማሪ ነጥብ ሲቀነስበት ቅር ይለዋል። መምህሩ የሚቀንሰው ለቅጣት ብቻ አለመሆኑን እነዚህ ሁለት ታሪኮች ያስረዳሉ። ከሁሉ አስቀድሞ መልመድ የሚገባን ልማድ ውጤቱ ከሚጠበቀው ጋር ይቀራረባልን ብሎ መጠየቅ ነው። ከአንድ ሊትር ነዳጅ 1.77 ኪሎ ግራም ይገኛል የሚል ስሌት፣ ነዳጅ ከውኃ ወደ ሁለት እጥፍ ይከብዳል እንደ ማለት ነው። ነዳጅ በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ቢያነሣ ስሕተቱ በዚያው በምድር ላይ ይያዝ ነበር።

ያልተዘረጋው ክንፍ፦ ናይሮቢ 1974

ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ቢሆኑም ክንፉ ለመነሣት ካልተዘጋጀ ዋጋ የላቸውም። በመነሻና በማረፊያ ጊዜ ከክንፉ የኋላና የፊት ጠርዝ የሚዘረጉት ፍላፖች ክንፉን አስፍተውና አጉብጠው በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲሸከም ያደርጉታል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1974 የሉፍታንዛ ቦይንግ 747 ከፍራንክፈርት መጥቶ በናይሮቢ ካረፈ በኋላ ወደ ጆሃንስበርግ ለመብረር ተነሣ። የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ 1624 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ እንደ እኛው ስስ አየር አለበት። የፊት ጠርዝ ፍላፖቹ የሚንቀሳቀሱት ከሞተሮቹ በሚመጣ የታመቀ አየር ሲሆን፣ አየሩን የሚያስተላልፉት ቫልቮች ዝግ ስለ ነበሩ ፍላፖቹ አልተዘረጉም። ከመነሣት በፊት የተደረገው ፍተሻም ይህን አልያዘውም።

አውሮፕላኑ ግን ከመሬት ተነሣ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ክንፍ ወደ መሬት እጅግ ቀርቦ ሲበር በሥሩ ያለው መሬት የአየሩን ፍሰት ስለሚገድበው ከወትሮው የተሻለ ይሸከማል። ከፍ ሲል ይህ እገዛ ይቀራል። የናይሮቢው አውሮፕላንም ጥቂት ከፍ ብሎ ተንቀጠቀጠ፤ መውጣት አቃተው፤ ከማኮብኮቢያው ጫፍ 1120 ሜትር ያህል ርቆ ወደቀ። ከ157 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች 59ኙ ሞቱ። ይህ ቦይንግ 747 በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ያደረሰበት የመጀመሪያው አደጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍላፖቹ ሳይዘረጉ ለመነሣት ሲሞከር የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ በአውሮፕላኑ ላይ ተጨመረ።

ማስጠንቀቂያው ግን የመጨረሻ መድኅን አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ዲትሮይት፣ በ2008 ደግሞ በስፔን ማድሪድ ሌሎች ዓይነት አውሮፕላኖች ፍላፕ ሳይዘረጉ ተነሥተው ወደቁ። በመጀመሪያው 156፣ በሁለተኛው 154 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም ጊዜ ማስጠንቀቂያው አልጮኸም። ሰው ማስጠንቀቂያውን ተማምኖ ፍተሻውን ሲዘል፣ ማስጠንቀቂያውም በዚያው ቀን ሥራ ሲያቆም በመካከላቸው የሚቆም ነገር አይኖርም።

የውሳኔ ፍጥነት

እያንዳንዱ የመነሣት ስሌት አንድ ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ በአብራሪዎች ቋንቋ ቪ-አንድ ይባላል፣ እኛ የውሳኔ ፍጥነት እንለዋለን። ከዚህ ፍጥነት በፊት አንድ ሞተር ቢበላሽ አውሮፕላኑ በቀረው ማኮብኮቢያ ላይ መቆም ይችላል። ከዚህ ፍጥነት በኋላ ግን መቆም አይችልም፤ በቀረው ሞተር ተነሥቶ በአየር ላይ ችግሩን መፍታት ይሻለዋል።

ይህ ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። 60 ቶን የሚመዝን አውሮፕላን በሰከንድ 75 ሜትር ሲሮጥ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 169 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ሦስት ቶን የሚመዝን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሚኒባስ ያለው ጉልበት 0.42 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ስለዚህ የአውሮፕላኑ ፍሬን 400 ሚኒባሶችን በአንድ ጊዜ እንደ ማቆም ያለ ሥራ ይጠበቅበታል። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ3 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ ከሆነ ለመቆም 940 ሜትር ያህል ይፈልጋል። አብራሪው ለመወሰን ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ሌላ 150 ሜትር ይጨመራል። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ብቻ ቢበልጥ ደግሞ የመቆሚያው ርቀት በ21 በመቶ ያድጋል።

በመሆኑም ውሳኔው አስቀድሞ በጸጥታ በምድር ላይ የሚወሰን ነው። አብራሪዎቹ ከመንደርደራቸው በፊት «ከዚህ ፍጥነት በፊት እንዲህ ቢሆን እናቆማለን፤ ከዚህ በኋላ እንቀጥላለን» ብለው ይነጋገራሉ። በጭንቅ ሰዓት ማሰብ ስለሚከብድ ሐሳቡ አስቀድሞ ተሠርቶ ይቀመጣል።

ባሕር ዳር፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.

በዚያ ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-200 በበረራ ቁጥር 604 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ካረፈ በኋላ ወደ አሥመራ ሊቀጥል ነበር። 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረዋል። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 1820 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።

አውሮፕላኑ ወደ ውሳኔ ፍጥነቱ በደረሰበት ቅጽበት የዱር እርግቦች መንጋ አጋጠመው። እርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አውሮፕላኑ ተነሣ፤ ሞተሮቹ ግን ተጎድተው ነበር። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲያዞሩ ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን አጡ። አውሮፕላኑ ከማረፊያው ውጭ ጎማውን ሳያወጣ በደረቱ ወደቀ። 35 መንገደኞች ሞቱ፤ 69 ሰዎች ተረፉ።

አንዲት እርግብ ይህን ያህል ጉዳት ማድረስዋ ለብዙዎች እንግዳ ይሆናል። ነገሩ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። 350 ግራም የምትመዝን ወፍ በሰከንድ 75 ሜትር ከሚሮጥ አካል ጋር ስትጋጭ ያለው ጉልበት 980 ጁል ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም ድንጋይ ከ100 ሜትር ከፍታ ወርዶ መሬት ሲመታ ካለው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ግጭቱ የሚቆየው የወፏ ርዝመት እስኪያልፍ፣ ማለትም ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ አራት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜትን ለዚህ ጊዜ ስናካፍል 6500 ኒውተን ገደማ የሆነ ኃይል እናገኛለን፤ ይህም የ670 ኪሎ ግራም ሸክም ያህላል። የሞተሩ ምላጮች በራሳቸው ሽክርክሪት ስለሚፈጥኑ የሚደርስባቸው ምት ከዚህም የላቀ ነው። ያውም የገባችው አንዲት ወፍ ሳትሆን መንጋ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከአብራሪዎቹ ክፍል ይወጣል። ከመነሣት በፊት ያለው ደኅንነት የማኮብኮቢያውን አካባቢ የሚጠብቁትን፣ ሣሩን የሚያጭዱትን፣ ቆሻሻና እህል ወፍ እንዳይሰበስብ የሚከላከሉትን ሰዎች ሁሉ ይመለከታል። ከተሞቻችን እየሰፉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያዎች እየተጠጉ በሄዱ መጠን፣ ቆሻሻ የሚደፋበትን ቦታ የሚወስነው የማዘጋጃ ቤት ባለሙያም የበረራ ደኅንነት ሠራተኛ ይሆናል።

ሁለት መሆንና ነጻ መሆን

የውሳኔ ፍጥነት ስሌት አንድ ሐሳብን መነሻ ያደርጋል፤ ሁለቱም ሞተሮች በአንድ ጊዜ አይበላሹም ይላል። ሐሳቡ ከፕሮባቢሊቲ ትምህርት የመጣ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ነገር የመበላሸት ዕድል ከሺህ አንድ ነው እንበል። ሁለት እንዲህ ያሉ ነገሮች አንዱ ከሌላው ነጻ ከሆኑ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የመበላሸታቸው ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው። «ነጻ ከሆኑ» የምትለዋ ሐረግ ግን ሙሉውን ስሌት የተሸከመች ናት። የእርግብ መንጋ ለሁለቱም ሞተሮች እኩል ይመጣል፤ ያን ጊዜ ነጻነታቸው ይጠፋል፤ ከሚሊዮን አንድ የነበረው ዕድልም ወደ ሺህ አንድ ሊመለስ ይችላል።

ይህ ሕግ ለሰዎችም ይሠራል። በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚቀመጡት አንዱ የሌላውን ስሕተት እንዲይዝ ነው። ረዳት አብራሪው ክብደቱን ራሱ ከሰነዱ አንብቦ ካሰላ ነጻ ምስክር ነው። ዋናው አብራሪ የጻፈውን አይቶ «ትክክል ነው» ካለ ግን በወንበሩ ላይ ሁለት ሰው ቢኖርም በስሌቱ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው። የጓደኛውን የቤት ሥራ ቀድቶ «መልሳችን አንድ ሆነ» ብሎ የሚደሰት ተማሪም ከዚህ የተለየ ማረጋገጫ አላገኘም።

የቴኔሪፍ አደጋ የዚህን ነጻነት ሌላ ገጽታ ያሳየናል። በዚያ ቀን ጭጋግ ስለ ነበር የመቆጣጠሪያው ማማ አውሮፕላኖቹን አያይም፤ ሁሉም በሬድዮ ላይ ተመክቷል። የአቪዬሽን ሬድዮ ንግግር በአንድ ፍሪኩዌንሲ በአምፕሊቲዩድ ሞዱሌሽን የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ሞገዶቻቸው ተደራርበው በልዩነታቸው ልክ ፉጨት ይፈጥራሉ። ማማው ለመነሣት የተዘጋጀውን አውሮፕላን ቆይ ሲለው፣ ሌላው አውሮፕላንም ገና በማኮብኮቢያው ላይ ነኝ ሲል ድምፃቸው ተጋጨ። ሕይወት ሊያድኑ የሚችሉት ሁለቱ መልእክቶች በፉጨት ተዋጡ።

ከዚያም በኋላ አንድ ዕድል ቀርቶ ነበር። በሚንደረደረው አውሮፕላን ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን መንገዱን ለቆ እንደሆነ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ በአየር መንገዱ እጅግ የተከበረ አሠልጣኝ ነበር፤ መልቀቁን በእርግጠኝነት መለሰ፤ መሐንዲሱም አልደገመም። በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን አይገሥጽም፣ ተማሪ መምህሩን አይሞግትም የሚለው ባህል ሥር የሰደደ በመሆኑ ይህን ታሪክ በልዩ ትኩረት ልናነበው ይገባል። መከባበር መልካም ነው። ነገር ግን በአብራሪዎች ክፍል፣ በቀዶ ሕክምና ክፍልም ሆነ በቤተ ሙከራ ውስጥ ታናሹ ዝም ካለ ታላቁ ብቻውን ቀርቷል። ከቴኔሪፍ ወዲህ የበረራ ሠራተኞች በአክብሮት ግን በግልጽ መቃወምን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራሉ፤ ታላቁም ተቃውሞን መቀበልን ይማራል። «መነሣት» የሚለው ቃልም በሬድዮ የሚነገረው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲሆን፣ አብራሪውም የተባለውን መልሶ እንዲያነብ ተደነገገ።

የነጻ ምስክር ጉዳይ በማሽንም ላይ ይሠራል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎች የሞቱበት ነው። በአውሮፕላኑ ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ቢኖሩም፣ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቀው ሥርዓት በአንዱ ብቻ ተመርቶ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር የተነደፈው። ሁለተኛው ምስክር ቢኖርም አልተጠየቀም።

ማኮብኮቢያ ላይ የሚደርስ ስሕተት ዛሬም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ በማረፍ ላይ የነበረ ኤርባስ ኤ350 በማኮብኮቢያው ላይ ከቆመ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ፤ በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም ከቃጠሎው ወጡ።

የፍተሻ ዝርዝር ለምን አስፈለገ?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ራይት ፊልድ ቦይንግ ሠራሽ የሆነ አዲስ ባለ አራት ሞተር የጦር አውሮፕላን ለሙከራ ተነሣ። አውሮፕላኑ በቆመበት ነፋስ እንዳያወዛውዘው መሪዎቹን የሚቆልፍ ማገጃ ነበረው፤ ከመነሣት በፊት ሊፈታ ይገባል። አልተፈታም። አውሮፕላኑ ወድቆ ሁለት ሰዎች ሞቱ። በመሪው ላይ የነበሩት ጀማሪዎች አልነበሩም፤ በሙያው የታወቁ የሙከራ አብራሪዎች ነበሩ። ከዚህ አደጋ የተገኘው መደምደሚያ አብራሪው ይበልጥ ይሠልጥን የሚል ብቻ አልነበረም። አውሮፕላኑ አንድ ሰው በቃሉ ይዞ ሊያዘጋጀው ከሚችለው በላይ ሆኗል የሚል ነበር። በዚህም ምክንያት አብራሪዎች በወረቀት የተጻፈ የፍተሻ ዝርዝር መጠቀም ጀመሩ።

የፍተሻ ዝርዝር ጥቅሙ ግን የሚገኘው በትክክል ሲነበብ ነው። በየቀኑ አምስት ጊዜ «ፍላፕ?» ተብሎ ሲጠየቅ አምስት ጊዜ «ተዘርግቷል» ብሎ የሚመልስ አንደበት፣ ውሎ አድሮ ዐይን ሳያይ መመለስ ይለምዳል። ከዚህ የተነሣ መልሱ ከመለኪያው ላይ የተነበበ ቁጥር እንዲሆን ይፈለጋል። ፍተሻው በወሬ ወይም በሬድዮ ጥሪ ቢቋረጥም ከቆመበት ገምቶ መቀጠል ሳይሆን ከመጀመሪያው መድገም ይመከራል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ደንብ አውሮፕላን በምድር ላይ ሲያኮበኩብ፣ ሲነሣ፣ ሲያርፍና ከ10000 ጫማ በታች ሲበር፣ አብራሪዎች ከሥራው ውጭ የሆነ ጨዋታ እንዳያነሡ ከልክሏል። ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሥርዓት ይከተላሉ። አባቶች የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ በማኮብኮቢያ ላይ የፈሰሰውን ግን መልቀም አይቻልም።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየናቸው አደጋዎች በአገር፣ በዘመንና በአውሮፕላን ዓይነት ይለያያሉ። የሚያገናኛቸው ስሕተቱ የተጸነሰው በምድር ላይ፣ ለማረም ጊዜ በነበረበት ሰዓት መሆኑ ነው። መከላከያቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥርን ከነአሃዱ መጻፍ፣ ውጤቱን ከሚጠበቀው ጋር ማነጻጸር፣ ነጻ ምስክር መፈለግ፣ የታዘዘውን ፍተሻ እያዩ ማንበብ። እነዚህን ለመልመድ አውሮፕላን ማብረር አያስፈልግም። ነገ መድኃኒት የሚለካው ነርስ፣ የድልድይ ሸክም የሚያሰላው መሐንዲስ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያጠፋው ቴክኒሻን ሁሉ ከመነሣት በፊት ያሉ የራሳቸው ደቂቃዎች አሏቸው።

ለአንባብያን የቀረበ መልመጃ

ከሶዶ ተነሥተን በዲምቱ በኩል ወደ ቢላቴ ሸለቆ ስንወርድ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። የመጀመሪያው አየሩን ያፍገዋል፣ ሁለተኛው ያሳሳዋል። ለምሳሌ በ2000 ሜትር ላይ ግፊቱ 79500 ፓስካል፣ ሙቀቱ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ በ1500 ሜትር ላይ ግፊቱ 84600 ፓስካል፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይሁን። ግፊቱን ለ287 እና ለፍጹም ሙቀቱ ብዜት በማካፈል የሁለቱን ቦታዎች የአየር እፍግታ ፈልጉ። መልሱ 0.95 እና 0.97 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ያህል ነው። አምስት መቶ ሜትር ወርደን ያገኘነውን ትርፍ የቀኑ ሙቀት አብዛኛውን ወስዶታል። እንግዲህ በቆላ ያለ ማረፊያ ሁልጊዜ ለመነሣት ይቀላል ብሎ መደምደም ይቻላልን? ቀጥሎም ይህንኑ ስሌት ከማለዳው 12 ሰዓት እና ከቀኑ 8 ሰዓት ሙቀት ጋር ሠርታችሁ፣ ከባድ ጭነት ያለው አውሮፕላን በየትኛው ሰዓት ቢነሣ እንደሚሻለው አስረዱ። መልሳችሁን ለጓደኛችሁ ከማሳየታችሁ በፊት እርሱ ለብቻው እንዲሠራው አድርጉ።